በቀን አንድ ስንዝር

ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ሹክ ሲባባሉ ካየሁ ዛሬም እግሬ አልሄድ ይለኛል። ባለቤቴ ስልክ ሊያነጋግር ወደ በረንዳ ከወጣ፣ በረንዳው ላይ ያለውን አበባ ውሃ አለማጠጣቴ ድንገት ትዝ ይለኛል። "ያሳደጉሽ ሰዎች ምን አድርገውሽ ነው?" ይለኛል እየሳቀ። ያሳደጉኝስ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በአንድ የዝናብ ወቅት፣ ሰፈሩ በሙሉ ከአባቴ ጋር ተማክሮ የእናቴን ቤት ሊወስድ ነው ብዬ አመንኩ።

ቤቱ የእናቴ ነበር። አያቴ በገዛ እጁ የገነባው፣ ዳገቱ አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት። ከኛ በታች አሥራ አንድ ቤቶች በደረጃው ግራና ቀኝ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተደርድረዋል። ከኛ በላይ ያለችው መምህርቷ ብቻ ነበረች። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እዚህ ቤት የገባው አንድ ኮትና አንድ ሬዲዮ ይዞ እንደሆነ እናቴ እየሳቀች ትናገርበታለች፤ "ሬዲዮውም አይሠራም ነበር" ትላለች። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን ይህን ወሬ አንድም ቀን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም።

በዚያ ዓመት እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር፣ ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ ምንም ነገር እንዳያስደነግጣትም አጥብቆ አዘዘ። አባዬ አየር እንድታገኝ ብሎ አልጋዋን ወደ ኋለኛው ክፍል፣ ጓሮውን ወደሚያሳየው መስኮት ሥር አዛወረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ድምፁ ቀነሰ። ድስት እንኳ የሚከደነው በቀስታ ነበር። ይህን ጸጥታ መጀመሪያ ወድጄው ነበር። በኋላ ግን እኔ ብቅ ስል ብቻ የሚመጣ ሌላ ጸጥታ እንዳለ አስተዋልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ጋሽ ውሃ ልክ ነው። ግንበኛ ነው፤ መሣሪያውን ከኪሱ ስለማይለይ ሰፈሩ ስሙን ትቶ በመሣሪያው ይጠራዋል። ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ጠረጴዛው መዘንበል አለመዘንበሉን ሳያይ አይጠጣም ይባላል። "ጣሪያውን ለማየት ነው የመጣሁት" አለ፤ ጣሪያውን ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ከአባዬ ጋር ወደ ጓሮ ዞሩ። ተከትያቸው ስደርስ ጋሽ ውሃ ልክ ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ እየደባበሰ ነበር።

"ምን ጠፋበት?" አልኩ።

"ምንም" አለ አባዬ። "አንቺ ግቢ፤ ዝናብ ነው።"

ዝናብ አልነበረም። ሹፌር ሆኖ ሰማይ ማየት አቅቶት አይደለም እያልኩ ገባሁ።

በማግስቱ መሬቱ ላይ ሰፊ ላስቲክ ተነጥፎ ዳር ዳሩ ድንጋይ ተጭኖበት አገኘሁት። "የአይጥ መርዝ አለበት፤ እንዳትጠጊው" ተባልኩ። ከላስቲኩ ወዲህና ወዲያ ደግሞ ሁለት ችካሎች ተተክለዋል፤ አንዱ ከግድግዳችን አጠገብ፣ አንዱ ከላስቲኩ ባሻገር ወደ መምህርቷ አጥር በኩል። በሁለቱም ራስ ላይ ሚስማር አለ። አይጥ በችካል የሚያዝበትን አገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰው አይቀርም። አንድ ቀን ጫማ ሰፊው መዶሻ ልዋስ ብሎ ይመጣል፤ መዶሻ ለጫማ ሰፊ እኛ ልናውሰው። አንድ ቀን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ትኩስ ዳቦ ይዛ ለእማዬ ነው ትላለች፤ ዳቦውን ግን ወጥ ቤት ታስቀምጥና ወደ ጓሮ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ድመቴ ጠፋች ይላል፤ ድመት ኖሮት አያውቅም። ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ችካል ሚስማር ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘረጉና እስከ ላይኛው ችካል ይወጥሩታል። ገመዱ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። ቋጠሮው የላይኛው ሚስማር ላይ ልክ ሲያርፍ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ በመስኮቱ ሥር ያልፋሉ።

ችካል ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ደረጃው ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ግቢ ሲካፈሉ እንዲሁ ችካል ተተክሎ ገመድ ተወጥሮ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። ችካል ማለት ለኔ መሬት የሚወሰድበት እንጨት ነበር።

ዛሬ ላስቲኩ ሥር ምን እንደነበር አውቃለሁ። መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር። ከግድግዳችን ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አፋፉን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ሄዷል። ጋሽ ውሃ ልክ እንዳለው፣ ዝናቡ ከበረታ ቤታችን ከነመሬቱ ተነቅሎ አሥራ አንዱ ቤት ላይ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ ይህችን ሴት ከአልጋ ብታነሷት ሕፃኑ አይተርፍም ብሏል። ሰፈሩ በሁለቱ መሀል ተይዞ፣ መሬቱን በየቀኑ በተራ እየለካ ለመጠበቅ ተስማማ። ገመዱ ካጠረ መሬቱ ሄዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ያለው ቀርቶ ትወጣለች። ይህን ከእናቴና ከኔ በቀር ያልተነገረው ሰው አልነበረም።

እኔ የሰማሁት ግን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተሸጉጬ የሰማሁትን ብቻ ነው።

"ከላይኛው ችካል ወዲያ ያለው አያሳስባችሁ፤ የመምህርት ግቢ ነው" አለ ጋሽ ውሃ ልክ። "የኛ ጉዳይ ከሱ ወዲህ ያለው ነው።"

"ለሷ ግን ማንም እንዳይነግርብኝ" አለ አባዬ። "አደራ። ከወለደች በኋላ ራሴ አስረዳታለሁ።"

"የተፈረመውን ወረቀት ያዝከው?" አለች መምህርቷ።

"ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።"

ያ ኮት። ከሰዓት አባዬ ፊቱን ሲታጠብ ወረቀቱን አወጣሁት። ጽሕፈቱ የመምህርቷ ነው፤ ክፍላችን ሰሌዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ስላየሁት አልሳሳትም። ከላይ የቤታችን ሥዕል አለ፤ ከበሩ የሚወጣ ቀስት ተሠርቶበታል። ከሥሩ ዝርዝር። አልጋ፣ ስድስት ሰው፣ ጫማ ሰፊው ከፊት። የስፌት መኪና፣ ቧንቧ ሠራተኛው። የልብስ ሣጥን፣ ዳቦ ቤት። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ልጅቷ፣ መምህርት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕቃችንን ተከፋፍለው ጨርሰዋል። እኔን እንኳ አልተዉኝም፤ ያውም የደረስኩት ለመምህርቷ፣ ሰባት ጊዜ ሰባት የተሳሳተባትን ጆሮ ለምትይዘው ሴት። ከሥሩ የሁሉም ፊርማ አለ፤ የአባቴ ከሁሉም በላይ ነው። ወረቀቱን እንደነበረው አጥፌ ኪሱ ውስጥ መለስኩት። በአባቴ ላይ እንደዚያን ቀን አዝኜ አላውቅም።

እማዬ ዘንድ ገባሁ። በጎኗ ተኝታ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?"

"የኛ ነዋ።"

"አይ፣ የማን ነው?"

ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። "ምን ሰማሽ?"

"ምንም።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፀጉሬን ወደ ኋላ አድርጋ፣ "ጓሮ እንዳትጫወቺ እሺ?" አለችኝ። እሷንም በአይጥ መርዝ ሸውደዋታል አልኩ በልቤ። ብነግራት ትደነግጣለች። ብትደነግጥ ሕፃኑ ይሞታል። ዝም ብል ቤቷ ይሄዳል። ለማን ይነገራል? ሰፈሩ እንደሆነ ፈርሞ ጨርሷል።

ስለዚህ በራሴ መላ መታሁ። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ችካል የኛ መሬት የሚጀምርበት ነው፤ የላይኛው ደግሞ እነሱ የኛ መሬት እዚህ ያብቃ ያሉበት። እሱን ወደ መምህርቷ አጥር ብገፋው መሬታችን ተመለሰ ማለት ነው። ከችካሉ እስከ አጥሩ በስንዝሬ ለካሁ፤ አሥራ ስድስት ስንዝር ነው። በአንድ ጊዜ ብገፋው ይነቃብኛል፤ በቀን አንድ ስንዝር ብገፋው ግን በአሥራ ስድስተኛው ቀን አጥሩ ሥር ይደርሳል፣ ማንም ልብ አይለውም። በዚህ ሒሳብ በጣም ኮርቼ ነበር። ሰባት ጊዜ ሰባትስ ምን ዋጋ አለው አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ሲያካፋ፣ አባዬ ሥራ ላይ እያለ ወጣሁ። ችካሉን ግራና ቀኝ ወዝውዤ ነቀልኩት። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር አላስቸገረኝም። አንድ ስንዝር ወደ ላይ ለክቼ ተከልኩት፤ ድምፅ እንዳይሰማ ሹራቤን አውልቄ በድንጋዩ ላይ ጠቀለልኩና መታሁት። የድሮውን ቀዳዳ ጭቃ ሞልቼ ረገጥኩት። ወደ መስኮቱ ቀና ብዬ አየሁ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። እጄን ከጣሪያ በሚወርደው ውሃ ታጥቤ ገባሁና በእርጥብ ሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ እራቴን በላሁ።

በነጋታው ተራው የጫማ ሰፊው ነበር። ከወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አየው ነበር። ገመዱን ወጠረ። ቋጠሮው ሚስማሩ ጋ አልደረሰም። ፈቶ እንደገና ወጠረ። ከዚያ ገመዱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሳይሮጥ፣ ግን በጣም እየፈጠነ ወጣ። ሲመለስ ከጋሽ ውሃ ልክ ጋር ነው። ጋሽ ውሃ ልክም ወጠረ፣ በስንዝር ለካ።

"ስንዝር ሙሉ" አለ። "በአንድ ቀን።"

ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ሰው ጥራ" አለው።

የመጡት እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል። አንድ ሰው አልጮኸም፤ ምን ላድርግ ብሎ የጠየቀም የለም። ቧንቧ ሠራተኛው ገብቶ የስፌት መኪናውን ተሸከመ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከነዱቄቷ ከልጇ ጋር ሣጥኑን አነሳች። ከታች ካሉት ቤቶች ሽማግሌዎችና ሕፃናት ወደ ዋናው መንገድ ይወርዳሉ። አባዬ የት ሰምቶ እንደሆነ እንጃ፣ ተሳፋሪ የሞላውን አውቶቡስ መንገድ ዳር አቁሞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው ዕቃ መቀበል ጀመሩ። እኔ ግን ያየሁት ወረቀቱ ላይ የነበረው ሁሉ በተራ ሲፈጸም ነው። የኋለኛው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ውሃ ልክ እጁን ዘርግቶ ወደ ጎን ሊያደርገኝ ሲል እጁን ነከስኩት።

"የእማዬ ቤት ነው! አትወስዱትም!"

እጁን አልነጠቀኝም። "እሺ ልጄ፣ እሺ" አለኝ፤ ጥርሴ እጁ ላይ እንዳለ። መምህርቷ ከኋላ መጥታ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ስድስቱ ሰዎች እማዬን ከነአልጋዋ ይዘው ሲወጡ በእግሬ አየር እየረገጥኩ እጮህ ነበር። እማዬ አንገቷን አዙራ አየችኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። አባዬ ከጎኗ እየሄደ "አይዞሽ፣ ምንም አይደለም" ይላል። ደንግጣ ነው ዝም ያለችው ብዬ አሰብኩ።

ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር የገባነው የኔው ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው አልጋዋን ሰሌዳው ሥር አደረጉት። ወንድሜ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ እዚያው ተወለደ፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ በጣም ቁጡ። ያን ጊዜ ስለ ስንጥቁ እውነቱን ነግረውኝ ነበር። ነግረውኝ ሲጨርሱ አባዬ "አየሽ፣ ያ ችካል ነው እናትሽን ያተረፈ" አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ጋሽ ውሃ ልክ በቀን ስንዝር የሚሄድ መሬት አይጠበቅም አለ። ከአፋፉ ላይ የቤቱ ክብደት መነሳት፣ ከግርጌው ደግሞ የሚደግፍ ግንብ መሠራት አለበት። ድንጋይ ከየት ይምጣ ሲባል ሁሉም ወደ ቤታችን አየ። አባዬ ክፍላችን መጥቶ እማዬን ጠየቃት። "አፍርሱት" አለች። ወደ እኔ አላየችም።

ሰፈሩ ተሰለፈ። ከአፋፉ እስከ ግርጌው በደረጃው ላይ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ቆሞ፣ አያቴ አንድ በአንድ ያነባበረው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ወረደ። እኔም በጫማ ሰፊውና በዳቦ ቤቷ ሴትዮ መሀል ቆሜ ትንንሾቹን አቀብል ነበር። እያንዳንዱን ስቀበል አሁን እናገራለሁ እላለሁ፤ ሳቀብለው የሚቀጥለው ላይ እላለሁ። ግንቡ ሲያልቅ ቤታችን አልነበረም። እሱን ቤት ከሌላ ሰው ላድን ብዬ ነበር፣ በገዛ እጄ አፈረስኩት።

መምህርቷስ? አጥሯን አስነቅላ ከግቢዋ ግማሹን ለኛ ሰጠች። አዲሱ ቤታችን የተሠራው በየቀኑ አንድ ስንዝር ልነጥቃት ባሰብኩት መሬት ላይ ነው፤ ግድግዳውን ጋሽ ውሃ ልክ አቆመው፣ ጣሪያውን ተባብረው መቱት። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬን ስትይዘኝ አልተቆጣሁም።

ኮረብታው ዛሬም አለ። ግንቡ ይዞት ይሁን፣ ወትሮም የማይወርድ ይሁን የሚያውቅ የለም። ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ግድግዳ በጣት ያህል ቢዘም ከመንገድ ማዶ የሚያውቅ ሰው ትናንት የተተከለ ችካል አላወቀም? ወይስ እሱም እማዬን የሚያስወጣበት ምክንያት ሲፈልግ ነበር? ጋሽ ውሃ ልክ ሳልጠይቀው ሞተ። እጁ ላይ የጥርሴ ምልክት እስከ መጨረሻው ነበር።

አባዬ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ያወራል፤ አውቶቡሱም ተሳፋሪዎቹም አይቀሩም። አምና ደግሞ ለልጄ ይነግራት ጀመር። "ያ ችካል ባይኖር" ሲል እኔ እንደ ልማዴ ሰሃን ሰብስቤ ወጣሁ። እማዬ ግድግዳውን እየያዘች ተከትላኝ መጣችና አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"እስከ ዛሬ ታፍሪያለሽ?" አለችኝ።

"በምኑ?"

"በችካሉ።"

ሰሃኖቹን አስቀመጥኩ።

"አይቼሻለሁ" አለች። "ሹራብሽን አውልቀሽ ድንጋዩን ስትጠቀልዪ። ብርድ ይመታታል እያልኩ ነበር።"

የተናገርኩት ሞኝ ነገር ነው፤ "መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም እኮ" አልኳት።

"ለምን ይንቀሳቀሳል? እነሱ ሲመጡም አላንቀሳቅሰውም ነበር። ላስቲኩን ሳያነጥፉት በፊት ስንጥቁን አይቼዋለሁ። ከመስኮቱ ሥርም ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ጫፏ ላይ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ። እነሱ በገመድ ሲለኩ እኔ በጥፍሬ እለካ ነበር።"

"ታድግ ነበር?"

"አንዳንድ ቀን ያደገች ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ፍርሃቴ ነው እላለሁ።"

"ታዲያ አውጡኝ አትዪም ነበር?"

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። "አውጡኝ ብዬ ሕፃኑ መንገድ ላይ ቢሞት፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ተኝቼ ብቀር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ከሥሬ አለ። ቁርጡን መናገር አቃተኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ ችካሉን ነቀልሽ። ጠዋት ሲገቡ፣ ልጄ ናት ያንቀሳቀሰችው ብል መልሰው ያስተኙኝ ነበር። ዝም አልኩ።"

ተናደድኩባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእናቴን ቤት ያፈረስኩ እኔ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ፤ እሷ ከአልጋዋ ሆና እያየች፣ አንድ ትልቅ ሰው ያልደፈረውን ነገር በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ጥላ ዝም ብላለች። ሁሉንም ነገርኳት። አልተከላከለችም።

"ቢሞት ኖሮስ?" አልኳት። "በማን ታሳብቢ ነበር?"

"አላሳብብም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር" አለች። መልሳ ደግሞ፣ "እንጃ ልጄ። እንጃ" አለች።

በዚህ መሀል ወንድሜ በሩ ላይ ብቅ አለ። ረጅም ነው፤ ጎንበስ ሳይል በር አያልፍም። ሻይ ቀዝቅዟል ሊለን ነበር የመጣው፤ ሁለታችንም ቀና ብለን ስናየው አፈረ።

"ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩኝ?"

"ትንሽ ቁምልን" አለችው እማዬ። እሱም ምንም ሳይገባው ቆመልን።